ግድቡ ያልበዋል፣ ማንን ልጥራ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ስለ አፈር ግድብ። ክረምቱ ስለገባ ይመስለኛል፣ በጋ ላይ ስለ ግድብ የሚጽፍልኝ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ረዘም ስላለ ትንሽ ቀንሼዋለሁ እንጂ ቃሉ የጸሐፊው ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ ደጋው በኩል ነው፣ የወረዳውን ስም ብትተውት ደስ ይለኛል ምክንያቱም ነገሩ የጎረቤት ነገር ነው። ከመንደራችን በላይ ሸለቆው ጠበብ የሚልበት ቦታ ላይ የአባቴ ጓደኛ፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የዛሬ ስምንት አመት በሎደር አፈር አስከምረው የመስኖ ግድብ ሠሩ። ድንች ካሮት ነጭ ሽንኩርት ያመርቱበታል፣ ለሰፈሩ ልጅም ሥራ ሆኗል ያንን አልክድም። ውሃው ሲሞላ በገመድ ለክቼዋለሁ ርዝመቱ 120 ሜትር ወርዱ 80 ሜትር ይሆናል፣ ግድቡ ጋ ጥልቀቱ 6 ሜትር ነው ይላሉ ጋሼ። ትርፍ ውሃ የሚያልፍበት ማስተንፈሻው በዳር በኩል ነው፣ ሁለት ሜትር ቢሰፋ ነው። ከብት በግድቡ አናት ላይ ስለሚያልፍ አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ጎድጉዷል። አምና ክረምት ከግርጌው፣ ቧንቧው የሚወጣበት አጠገብ፣ መሬቱ መርጠብ ጀመረ፣ ዘንድሮ በበጋ እንኳ አልደረቀም፣ ሌላው ሳር ሲቃጠል እዛ ጋ ያለው ለብቻው ለምልሞ ከረመ። ለጋሼ ብነግራቸው «ያልበዋል እንጂ ምን ይሆናል፣ ውሃ የተሸከመ ነገር ሁሉ ያልበዋል» አሉኝ። ቀበሌ ሄድኩ ወደ ወረዳ መሩኝ። ውሃዎቹ «እኛ የመጠጥ ውሃ ነን» አሉ፣ ግብርናዎቹ «መስኖዎቹን ጠይቅ» አሉ፣ መስኖዎቹ ደሞ «የግል ነው፣ የኛ ፕሮጀክት አይደለም» ብለው መለሱኝ። ከግድቡ ስር ስድስት ቤት፣ አንድ ወፍጮ ቤትና ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ አለ። ሁሉም ትንሽ ግድብ ነች ይለኛል። እውነት ትንሽ ነች? ተቆጣጣሪዋስ ማነው?

መልስ፦ ወንድሜ ከጋሼህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ጋሼ ግማሹን እውነት ነው የተናገሩት። የአፈር ግድብ ያልበዋል። አፈር ነዋ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ሸክላ አፈር ቢሆን በሮለርም ቢጠቀጠቅ ውሃ ቀስ እያለ ሰርጎ በታች በኩል መውጣቱ አይቀርም፣ በደንብ የተሠራ ግድብ እንዲያውም ላቡ የሚወጣበት መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጅለታል፣ ግርጌው ላይ አሸዋና ጠጠር ተደርጎ። ጋሼ ያልነገሩህ ሌላውን ግማሽ ነው፦ ላቡ ከየት ነው የሚወጣው፣ ስንት ነው፣ ቀለሙስ ምን ይመስላል። «ቧንቧው የሚወጣበት አጠገብ» የምትለዋን ሁለቴ ነው ያነበብኳት።

ሎደር ግድብ ሲያነሳ አፈሩ ላይ እየተመላለሰ ይጠቀጥቀዋል፣ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ግን እንዳይሰብረው ይሸሸዋል፣ ቧንቧው ሆድ ስር ደሞ በእግርም በዘነዘናም የማይደረስበት ቦታ አለ። እዛ የቀረችው ልል አፈር ናት ለውሃ በር የምትሆነው። ውሃው በቧንቧው ዙሪያ ሰርጎ ሲወጣ መጀመሪያ ንጹህ ነው፣ ልትጠጣውም ትችላለህ፣ አንድ ቀን ግን አፈሩን ፍሬ በፍሬ ይዞ መውጣት ይጀምራል፣ ቀዳዳው ከታች ተነስቶ ወደ ውሃው እየበላ እየበላ ይሄዳል። ከውጭ ስታየው ልምላሜ ነው ከውስጥ ዋሻ ነው። ዋሻው ውሃው ጋ ከደረሰ በኋላ ያለው ጊዜ በሰዓት ነው የሚቆጠረው። አሜሪካ ኢዳሆ ውስጥ ቴተን የሚባል ግድብ ነበር፣ የግል አይደለም የመንግሥት ነው፣ ከፍታው 93 ሜትር፣ ኢንጂነር የሞላበት፣ እዛ ውሃው አፈሩን የበላው በአለቱ ስንጥቅ በኩል ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በፈረንጆቹ 1976 ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ጠዋት አንድ ሰዓት አልፎ የደፈረሰ ውሃ ታየ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፈረሰ፣ 11 ሰው ሞተ።

ስለዚህ ላቡን ለካው። ብር አያስወጣህም። ከእርጥቡ ቦታ ትንሽ ወረድ ብለህ፣ ግድቡን ራሱን ሳትነካ፣ ውሃው ባንድ በኩል እንዲወርድ ጠባብ ቦይ ቅደድ፣ ጫፉ ላይ ቁራጭ ቧንቧ ወይ የታጠፈ ቆርቆሮ አስቀምጥ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅንበትና እስኪሞላ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በስልክህ ያዝ። ደብተር ላይ ቀኑን ጻፍ፣ የግድቡ ውሃ ከአናቱ ስንት ዝቅ እንዳለ ጻፍ፣ ትናንት ዝናብ መጣሉን ጻፍ። የግድቡ ውሃ ሲጨምር ላቡ ቢጨምር ያንን እንጠብቀዋለን፣ የግድቡ ውሃ ባለበት ቆሞ ላቡ ብቻውን ከጨመረ ግን ውስጥ መንገድ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ከዛ ብርጭቆ ሙሉ ቅዳና ሳትነካው አሳድረው፣ ጠዋት ከስሩ ጭቃ ተኝቶ ካገኘህ ግድቡ ሥጋውን እየጣለ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ኩሬ ዳር ቆሜያለሁ፣ ከባለ ብዙ ብር መሳሪያ ይልቅ አንድ ዘበኛ በየቀኑ የጻፋት ደብተር ብዙ ጊዜ ሥራ ሠርታልኛለች።

አንድ ነገር አደራ። ሰው እርጥብ ቀዳዳ ሲያይ እጁ ወደ ጭቃ ነው የሚሄደው፣ በሸክላ አፈር ይደፍነዋል፣ ጉልበተኛው ደሞ በሲሚንቶ። አትድፈኑት። ውሃው አይቆምም፣ ውስጥ ገብቶ ይጨናነቅና ሌላ ቦታ ይፈነዳል። የሚደረገው መጀመሪያ አሸዋ ላዩ ላይ ጠጠር መጫን ነው፣ ጠላ ሲጠለል እንደሚሆነው ውሃው ይውጣ አተላው ይቅር።

አሁን «ትንሽ ነች» ወደምትለው። ሸለቆ ወደ ታች ስለሚጠብ ርዝመት ወርድና ጥልቀቱን አባዝቶ ለሦስት ማካፈል ጥሩ ግምት ነው፣ 120 በ80 በ6 ለሦስት ሲካፈል 19,200 ሜትር ኩብ ይመጣል። አስር ሺ ሊትር በሚጭን ቦቴ 1,920 ቦቴ። አስበው፣ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ያን ያህል ቦቴ ተሰልፎ። ስትሰበር ደሞ በቦይ እንደሚለቀቅ ቀስ ብላ አትወርድም፣ በተሰበሩ ግድቦች ልምድ ላይ በተሠራ ቀመር ሳሰላው በከፋው ሰዓት በሰከንድ መቶ ሜትር ኩብ ገደማ ነው የሚወጣው፣ በየሰከንዱ አስር ቦቴ ማለት ነው፣ ድንጋዩን ጭቃውን የተማሪውን መንገድ ይዞ።

በዓለም አቀፍ የግድብ ባለሙያዎች ሚዛን ግን የጋሼ ግድብ ከትልልቆቹ ተርታ አትገባም። እነሱ ትልቅ የሚሉት ከመሠረቱ 15 ሜትርና ከዛ በላይ ከፍታ ያለውን ነው፣ ወይ ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዘውን። ከአገር አገር ደሞ ወሰኑ ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ የኩሬ ደህንነት ሕጉ የሚጀምረው ከ25,000 ሜትር ኩብ ነው ስለዚህ የጋሼ ግድብ እዛ ብትሆን ታመልጥ ነበር፣ ድንበሩን ተሻግራ ዌልስ ብትሆን ግን ትያዛለች፣ ዌልስ በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ወደ 10,000 አውርዳዋለች። ደቡብ አፍሪካ ከ5 ሜትር በላይ ከፍታና ከ50,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይላሉ። ያው አፈር ያው ውሃ፣ አንዱ ጋ ግድብ ሌላው ጋ ኩሬ። እኔን ብትጠይቀኝ የግድብ ትልቅነት የሚለካው ከስሩ በሚያድረው ሰው ነው። አሜሪካኖቹ የአደጋ ደረጃ ሲያወጡ እንደዛ ነው የሚሠሩት፣ ቢፈርስ ሰው ይሞታል ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ ግድቡ ያለበት ሁኔታ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ደህና የሆነ ግድብም ከስሩ ቤት ካለ ከፍተኛ ተብሎ ይመዘገባል። በዚህ ሚዛን ስድስት ቤትና ወፍጮ ቤት ያለባት ግድብ ትንሽ አትባልም።

ያልጠየቅኸኝ ግን ከላቡ እኩል ያሳሰበኝ ማስተንፈሻውና የከብቱ መንገድ ነው። የአፈር ግድብ አናቱ ላይ ውሃ ከተሻገረ በቃ ነው፣ ከጀርባው እየሸረሸረ ይቆርጠዋል። የግድብ ከፍታ ማለት ደሞ በጣም ዝቅ ያለችው ቦታው ናት። ጋሼ ማስተንፈሻውን ከአናቱ አንድ ሜትር ዝቅ አድርገው ሠርተውት ይሆናል፣ ግን ከብቱ ግማሽ ሜትር ስለበላው አሁን የቀረው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ወርድ በግማሽ ሜትር ጥልቀት የሚያሳልፈው በሰከንድ 1.2 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ውሃ የሚሰበስበው መሬት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው እንበል፣ ባንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ እንበል፣ ከዛ ውስጥ 40 በመቶው ብቻ ጎርፍ ሆነ እንበል፣ የሚመጣው በሰከንድ 4.4 ሜትር ኩብ ነው። መግቢያው ከመውጫው አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግድቡ ሞልቶ፣ መሬቱ ጠግቦ፣ ከሰዓት በኋላ ያቺ ጥቁር ደመና ስትመጣ ታውቃታለህ፣ እስከ ከብቱ መንገድ ድረስ የቀረችው ግማሽ ሜትር ባንድ ሰዓት ውስጥ ታልቃለች።

ይሄ በከብት የተጀመረ አይደለም። አሜሪካ ጆንስታውን ከተማ በላይ አንድ የአፈር ግድብ ነበር፣ ሀብታሞች ለመዝናኛና ዓሣ ለማጥመድ የገዙት የግል ክለብ ንብረት። ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱን ዝቅ አደረጉት፣ ዓሣው እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ብረት አደረጉ፣ ውሃ መልቀቂያ ቧንቧዎቹ ደሞ አስቀድሞ ተነቅለው ነበር። በፈረንጆቹ 1889 ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ወንፊቱ በቅርንጫፍ ተደፈነ፣ ውሃው አናቱ ላይ ወጣ፣ ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ። እኛም ጋ ማስተንፈሻ ላይ እሾህ አጥር የሚያደርግ አይቻለሁ፣ በግ እንዳይገባ ብሎ።

የጋሼ መፍትሔ ውድ አይደለም። የከብቱን ጉድጓድ በስሱ በስሱ አፈር እያደረጉ እያረጠቡ እየጠቀጠቁ ወደ ቀድሞ ከፍታው መመለስ፣ ከብቱን በሌላ መንገድ ማሳለፍ፣ ማስተንፈሻውን ከግድቡ አፈር ላይ ሳይሆን ከዳሩ ተፈጥሯዊ መሬት ላይ ወደ ሰባት ስምንት ሜትር ማስፋት (በላይኛው ግምት ነው፣ ኢንጂነር መጥቶ የተፋሰሱን ስፋት ለክቶ ያረጋግጠው)። እስከዛ ደሞ ግድቡን ክረምቱን ሙሉ ሳይሞሉ ማቆየት። ጋሼ ድንቹን በጥቅምት ነው የሚያጠጡት፣ በመስከረም መጨረሻ ዝናብም ቢሞላ ይበቃቸዋል።

ተቆጣጣሪው ማነው ላልከው፣ ሕግ አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፣ የውሃ ሥራ መገንባትም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዝርዝሩ በደንብ ቁጥር 115/1997 ወጥቷል። ከፈቃድ ነፃ የተደረጉት በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ ከብት እርባታ፣ የውሃ ወፍጮ የመሳሰሉት ናቸው። ጋሼ «እኔ ባህላዊ መስኖ ነኝ» ሊሉ ይችላሉ። በኔ አስተያየት በሎደር 6 ሜትር የተከመረ አፈር ከአያቶቻችን የጅረት ጠለፋ ጋር ባንድ ስም አይጠራም፣ ግን ይሄን የሚወስነው እኔም አንተም ሳንሆን ባለሥልጣኑ ነው። «የግል ነው» ብሎ የመለሰህ ሰው ተሳስቷል፣ ግድቡ የግል ሊሆን ይችላል፣ ውሃው ግን የግል አይደለም፣ ከስር ያለው ሰው ደሞ ከነጭራሹ የማንም የግል አይደለም።

እንግዲህ በአፍህ አትሂድ። በአፍ የሄደ ሰው «ነገ ና» ነው የሚባለው። ደብዳቤ ጻፍ፣ አንድ ገጽ፣ የስድስቱም ቤት አባወራና እማወራ የወፍጮ ቤቱም ባለቤት ይፈርሙበት፣ ለወረዳው አስተዳደር አድርገው፣ ከስር «ግልባጭ» ብለህ ውሃውን፣ መስኖውን፣ ግብርናውን፣ አደጋ መከላከልን፣ ፖሊስንም ደርድራቸው። ግልባጭ ሲኖር አንዱ ሌላውን ያየዋል፣ ያ የሰፈር ፖለቲካችን ነው ምን ታደርገዋለህ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገህ ያንተ ኮፒ ላይ ማህተምና ቁጥር አስመታበት። ፎቶ አባሪ አድርግ፣ እርጥቡን ቦታ ከነሳሩ፣ የከብቱን ጉድጓድ ሰው ቆሞበት፣ የጀሪካኑን ደብተር። ወረዳ ላይ ካልሆነ ዞን፣ ከዛ ክልል ውሃ ቢሮ ነው፣ ተፋሰሱንም ጥቀስ፦ ሸለቆህ ወደ በሬሳና ጀማ የሚወርድ ከሆነ ዓባይ ነው፣ ወደ ከሰም ከሆነ አዋሽ ነው። ሰሜን ሸዋ እንደ ቤት ጣሪያ ነው፣ አንዱ ጠብታ ሱዳን ይሄዳል ሌላው አፋር ይቀራል።

ጋሼን ግን ባላጋራ አታድርጋቸው። ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፣ ቡናቸውን ጠጣ፣ ከዛ ኬንያን ንገራቸው። ሶላይ የሚባል ቦታ፣ ናኩሩ አውራጃ፣ በግል እርሻ ላይ ያለ የአፈር ግድብ ግንቦት 1 ቀን 2010 ማታ ከብዙ ዝናብ በኋላ ተሰብሮ ከ40 በላይ ሰው ገደለ፣ ልጆችም ነበሩበት፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እኛ ጋም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ኃላፊ ነው ይላል፣ ጠበቃ ይሄን ለግድብም ሊያነሳው ይችላል። ካልገባቸው ከልጃቸው ጋር ተነጋገር፣ ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው ቶሎ የሚደነግጡት።

ስለ ሌሊቱም አስቡ። ግድብ ሰዓት አይመርጥም፣ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ኬሊ ባርንስ የምትባል የአንድ ኮሌጅ የአፈር ግድብ በፈረንጆቹ 1977 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የፈረሰችው፣ 39 ሰው በተኛበት ሄደ። ስድስቱ ቤት የእድር ጥሩንባ አይጠፋችሁም፣ ግን ጥሩንባ ሲነፋ ሰው «ማን ሞተ» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ለግድቡ ሌላ አነፋፍ ተስማሙ፣ አጭር አጭር ሦስቴ በሉት። ሲነፋ ወደ ታች በሸለቆው መሮጥ የለም፣ ውሃው ይቀድማል፣ ወደ ጎን ወደ ዳገቱ ነው። ልጆቹን አንድ ቅዳሜ አለማምዷቸው፣ ይወዱታል።

ጥያቄ፦ ከምንጃር በኩል ነኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ለቀይ ሽንኩርት የምናጠጣበትን ግድብ ሲሠራ አፈሩን ይይዛል ብሎ ጀርባውን ሙሉ ባህር ዛፍ ተከለበት። አሁን ለአጣና ደርሷል፣ ነጋዴ መጥቶ ከነስሩ ነቅዬ ልውሰድ አለኝ፣ ጥሩ ዋጋም ሰጥቶኛል። ልሽጥ? ደሞ ፍልፈል አስቸግሮኛል፣ አፈር ሲቆልል ያድራል።

መልስ፦ እትዬ፣ አጣናውን ይሽጡ፣ ስሩን ግን እንዳያስነኩ። ነጋዴው ከነስሩ ሲነቅል ግድቡ ላይ ጉድጓድ ጥሎ ነው የሚሄደው፣ ውሃ እያለ ከሆነማ በጭራሽ። በሌላ በኩል ባህር ዛፍ ቢቆረጥም ዝም አይልም፣ ያውቁታል አንዱ አምስት ሆኖ ነው የሚያቆጠቁጠው፣ ስሩም በሕይወት እያለ ይሰፋል፣ አንዱ ስር የሞተ ለት ደሞ በስብሶ ቱቦ ጥሎ ይሄዳል፣ ውሃ የሚፈልገው ያንን ነው። ባለቤትዎ የተከሉት ለገደል ቢሆን ትክክል ነበሩ፣ ለግድብ ግን ዛፍ አይሆንም። አሁን ቆርጠው አጣናውን ይሽጡና ቡቃያው አውራ ጣት ሳያክል በየጊዜው ያስመልምሉት፣ በጋ ላይ ውሃው ሲያልቅ ደሞ ባለሙያ ባለበት ትልልቁ ጉቶ ይነቀልና ጉድጓዱ በስሱ በስሱ አፈር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። አጣናው የሚያወጣው ብር ለዚህ ይበቃል ብዬ እገምታለሁ። ከዛ አጭር ሳር ይልበስ፣ ሰርዶ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ እየታጨደ። ሳሩ ካጠረ ስንጥቁም እርጥቡም ፍልፈሉም በሩቁ ይታያል፣ የባህር ዛፉ ሌላው ጥፋት ይሄው ነው፣ ጥላው ስር ምን እንዳለ አያሳይም።

ፍልፈሉ ቀላል እንዳይመስልዎ። ቁልሉን ጠርገው የተቆፈረውን ተከትለው ይክፈቱትና መልሰው እየጠቀጠቁ ይድፈኑት፣ ላይ ላዩን ብቻ ቢደፍኑት መንገዱ ከስር አለ። ጃርት ከመጣ ደሞ እንደ ሰው ቤት ነው የሚቆፍረው፣ ያኔ ይደውሉልኝ። ግድቡ ዋልካ አፈር ከሆነ ሚያዝያ ላይ አንዴ አናቱን በእግርዎ ይሂዱበት፣ ከውሃው ወደ ጀርባው አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ ክረምት ሳይገባ ተቆፍሮ ይጠቅጠቅ። በርዝመቱ የሄደው ስንጥቅም መታየት አለበት፣ አቋርጦ የሚሄደው ግን ለውሃ ቀጥታ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ (ይሄ የመጀመሪያው ልጅ ነው፣ መልሱን ቀድሜ በስልክ ልኬለት ነበር፣ ገጹ ሊዘጋ ሲል መለሰልኝ።) ጀሪካኑ ሰኞ በ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሞላ፣ ሐሙስ በ2 ደቂቃ ከ40። ዝናብ አልጣለም፣ የግድቡ ውሃም ያው ነው ንቅንቅ አላለም። ብርጭቆውን ዛሬ ማታ ነው የማሳድረው። ጋሼ ቫልቩ ይከፈት ቢባል እሺ ብለዋል፣ ግን ዝጓል አይዞርም።

መልስ፦ ውሃው ባለበት ቆሞ ላቡ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ተኩል ጊዜ ሆኗል፣ ይሄ የምንጠብቀው ነገር አይደለም። ቫልቩን በመዶሻም በባሌስትራም አታስገድዱት፣ ዘንጉ ከተሰበረ ጭራሽ ነው፣ ቧንቧውን ብትነቀንቁት ደሞ ያችኑ ልል አፈር ነው የምታውኩት። ጋሼ የመስኖ ፓምፕ አላቸው አይደል፣ አሁኑኑ ይነሳ፣ ግን ባለ 3 ኢንች አንድ ፓምፕ ብቻውን አንድ ሜትር ለማውረድ ብዙ ቀን ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ሳይፈን (ያለ ሞተር ውሃውን አሻግሮ የሚያወርድ ቧንቧ) ሥሩ፦ ባለ 6 ኢንች ቧንቧ ሁለት ተከራዩ፣ በማስተንፈሻው በኩል አሳልፏቸው፣ ሁለቱንም ጫፍ ዘግታችሁ ከላይ ውሃ ሙሏቸው፣ የውስጡን ጫፍ ውሃ ውስጥ እንዳለ መጀመሪያ ክፈቱ ከዛ የውጭውን። የውጭው ጫፍ ከግርጌው ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ይፍሰስ። እናንተ ጋ ከፍታው ስለሆነ አየሩ ሳስቷል፣ እንደ ቆላው ጥልቅ አይስብላችሁም፣ የላይኛውን ሁለት ሦስት ሜትር ግን ያወርደዋል፣ ሁለቱ ከሠሩ የመጀመሪያዋ ሜትር በሁለት ቀን ውስጥ ትወርዳለች። በደህና ጊዜ በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አውርዱ አልልህም ነበር፣ የውስጥ ፊቱ ሊናድ ይችላልና፣ አሁን ግን ፍጠኑ። ማንም ግድቡን በዶማ ቆርጠን እናፍስሰው ቢል ከልክሉት። እርጥቡ ላይ አሸዋ ከዛ ጠጠር ዛሬውኑ ጫኑበት፣ ሲነጋ ደሞ ወረዳ ሄደህ ያንን ማህተም ያለበትን ደብዳቤ አሳይና «የዛሬ ጉዳይ ነው» በል፣ ስልኬን ስጣቸው።

ስድስቱ ቤት ዛሬ ማታ ዳገቱ ላይ ካለው ዘመድ ጋ ይደሩ፣ ወፍጮውም ይዘጋ፣ ተማሪውም ነገ በላይኛው መንገድ ይሂድ። ሁለት ሰው ባትሪ ይዞ ከዳር ቆሞ ይደር፣ ግርጌው ላይ አይደለም፣ ከዳር። ብርጭቆው ስር ምን እንደተኛ ሲነጋ ደውልልኝ፣ ከጀሪካኑ የሚወጣው ሌሊት ቀለሙን ከቀየረ ግን ሰዓት አትይ።